የኮኮናት መፋቂያው ዝም ሲል

ፉሲፓላ ወረቀቱን በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው፣ የሞተ አይጥ አውጥቶ እንደሚጥል ሰው ከሰውነታቸው አርቀው፣ ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። ላታይ ከትልቁ ቤት መስኮት ሆና አየቻቸው። ወረቀቱ የእሷ ነበር። ማለዳ ንጹሕ ሆኖ ወደ ወንድሟ ሄዶ፣ በላዩ ላይ ትልልቅ ቀይ የስህተት ምልክት ተሸክሞ ተመልሷል።

“ኪቲዮኔ” አሉ ፉሲፓላ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ካለችው የወንዶች ጎጆ ደጃፍ ቆመው። “ና ውጣ። ይህን ማን ነው የሠራው?”

ኪቲዮኔ በአገሩ ወግ ለክብር በወገቡ የታጠቀውን ምንጣፍ እያስተካከለ ወጣ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ሲያዩት ድምፃቸው ይጠፋል። በአክስቱ ፊት ግን የሚጠፋው የሱ ድምፅ ነው።

“እኔ ነኝ አክስቴ። መልስ ሲሳሳት ምልክት ይደረግበታል። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው የማደርገው።”

“ትምህርት ቤት ያሉት እህቶችህ ናቸው?”

“አይደሉም።”

“ታዲያ የእህትህን ወረቀት እንዲህ በቀይ የምታለብሰው ዶሮ እያረድክበት ነው?”

ኪቲዮኔ አንገቱን ደፋ። ላታይ በመስኮቱ ውስጥ ሆና አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቋ ከወንድሟ ጆሮ ቢደርስ ሌላ ጥፋት ይሆናል።

በቶንጋ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አይቀመጡም፣ አይቀላለዱም፣ አይጨቃጨቁም። እህት ከወንድም በላይ ናት፤ የአባት እህት ደግሞ ከሁሉም በላይ። በዋናው ከተማ ይህ ነገር እየላላ ነው ይባላል። ፉሲፓላ ባሉበት ግቢ ግን ከአሳማው ገመድ በቀር የሚላላ ነገር አልነበረም።

“ከዛሬ ጀምሮ” አሉ ፉሲፓላ፣ “ለእህትህ የምትለው ነገር ሲኖር ለእኔ ንገረኝ። እኔ አደርሳለሁ። በአፍ ነው፤ በቀለም አይደለም።”

“አክስቴ፣ ሒሳብ እኮ ነው። በአፍ እንዴት ይሆናል?”

“ጸሎት በአፍ ይሆን የለ? ሒሳብ ከጸሎት ይከብዳል?”

ኪቲዮኔ ይከብዳል ሊል ፈልጎ ተወው።

ነገሩ ለጎረቤት ሳቅ ነበር፤ ለላታይ ግን ጀልባዋ ነበረች። አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጀልባዋ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተጎትታ ተቀምጣለች። ያለ ፈቃድ ሰው መጫን አይቻልም። ላታይ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጎን ቆማ መሪ ጨብጣለች፤ በቫቫኡ ደሴቶች መካከል ከውሃ በታች የተደበቀውን አለት ሁሉ በውሃው ቀለም ታውቀዋለች። የጀልባ አዛዥነት ፈተናው ግን የውሃ ቀለም አይጠይቅም። የሒሳብ ወረቀት አለው። እሷ ደግሞ ትምህርት ያቋረጠችው ልክ ፊደልና ቁጥር አንድ ላይ መጻፍ የተጀመረ ጊዜ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ ከመምጣታቸውና እንግዶች እነሱን ለማየት መጉረፍ ከመጀመራቸው በፊት ፈተናውን ካላለፈች፣ ጀልባዋ ለአባቷ የአጎት ልጅ ለሴሚሲ ትሰጣለች። ሴሚሲ ፈቃድ አለው። ጀልባዋን የሚቀባበትን ቀለም እንኳ ገዝቶ አስቀምጧል።

“ብርቱካናማ” ይላሉ አባቷ ወደ ባሕሩ ዞረው። “ባላየውም ይታየኛል።”

እናም ትምህርቱ በአፍ ተጀመረ። ኪቲዮኔ በጎጆው ደጃፍ ይቀመጣል፤ ላታይ በትልቁ ቤት ደረጃ ላይ ትቀመጣለች፤ ፉሲፓላ በመካከሉ ያለውን ሣር እየረገጡ ይመላለሳሉ።

“ምን ይላል መሰለሽ” አሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ። “ሦስት ቅርጫት ቦዬ አለ። በሦስቱም ያለው ቦዬ እኩል ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን አይታወቅም።”

“ከፍተው አይቆጥሩትም?”

“እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። አፋቸው ተሰፍቷል አለኝ። ከቅርጫቶቹ ውጭ መሬት ላይ ሰባት ቦዬ አለ። ሁሉም ሲደመር ሃያ ሁለት ነው። አንዱ ቅርጫት ስንት ይዟል?”

ላታይ ወንድሟ ባስተማራት መንገድ ጻፈችው፤ ሦስት ኤክስ ሲደመር ሰባት፣ እኩል ነው ሃያ ሁለት። ከዚያ ብዕሯን ያዘችና ቆመች። ፉሲፓላ ሄደው ተመለሱ።

“መሬት ላይ ያለውን ሰባት አንሺው ይላል። ግን ከሁለቱም ወገን። ከአንዱ አንስተሽ ከሌላው ካላነሳሽ እኩልነቱ ይፈርሳል።”

ሰባት ከዚህ ተነሣ፤ ሰባት ከዚያ ተነሣ። ሦስት ኤክስ እኩል ነው አሥራ አምስት ሆነ። ፉሲፓላ ሄደው ተመለሱ።

“አሁን ሁለቱንም ወገን ለሦስት አካፍዪ።”

“አምስት” አለች ላታይ። “አክስቴ፣ አምስት ነው።”

“ቆይ፤ አላለቀም። አምስቱን ወደ ቤቱ መልሺው ይላል።”

“የት ነው ቤቱ?”

“ኤክስ የነበረበት ቦታ ነዋ። ሦስት ጊዜ አምስት፣ አሥራ አምስት። ሰባት ሲጨመርበት ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ከመጣ ልክ ነሽ፤ ካልመጣ አይደለሽም። ይህን ካደረግሽ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም ይላል።” ፉሲፓላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን አሹ። “መልካም ነገር ነው። ቦዬው የማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።”

አንድ እርምጃ ሒሳብ በፉሲፓላ እግር አንድ ምልልስ ነበር። ስለዚህ ኪቲዮኔ ሁለት ነገር አንድ ላይ አይልክም፤ አክስቱ መንገድ ላይ አንዱን ይጥሉታል። ላታይም ዘልላ መሄድ አልቻለችም። ይህ ለቅርጫቶቹ ቦዬ ጥሩ ሆነ። ባሕሩ ላይ ሲደርሱ ግን ችግር መጣ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። በባሕር ዳር ያለ ገደል ከፍታው አርባ አራት ሜትር ነው። ከጀልባ ላይ ሆነሽ ጫፉን ስታዪ፣ ዓይንሽ ከባሕሩ ወለል አሥር ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣል። ከገደሉ ምን ያህል ርቀሻል? የአሥር ዲግሪ ታንጀንት ዜሮ ነጥብ አንድ ሰባት ስድስት ነው፤ እሱ በሠንጠረዡ ላይ ተጽፏል። ታንጀንት ማለት ከፍታው ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ እሱንም ፉሲፓላ በደንብ አድርሰዋል። ላታይ ባሕር ነውና የማውቀው ቤት ነው ብላ ቸኮለች። አርባ አራትን በታንጀንቱ አባዛችውና መልሱን በአክስቷ ላከች።

ፉሲፓላ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። “ግሩም ነው ይላል። እህቴ ጊዜ ካላት ከባሕሩ በኩልም አንድ ጊዜ ትየው ይላል።”

የላታይ ልብ ቅቤ ጠጣ። ቀጣዩንም በዚያው መንገድ ሠራች። “ያማረ ነው ይላል፤ የበለጠ ያማረም ሊኖር ይችላል ይላል።” ሦስተኛውንም። “አባባ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር ይላል።”

ሰርግ ሆነና ሲኒፓታ ከኔያፉ ከተማ መጣች። ሲኒፓታ የላታይ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ እሷም ሒሳብ ታስተምራለች። ላታይ የሠራችውን የመለማመጃ ፈተና በኩራት ሰጠቻት። ሲኒፓታ ኬኳን በአንድ እጅ ይዛ በሌላው ገጹን ገለጠች፤ ማኘኳን አቆመች።

“ላታይ፣ ይቺ ጀልባችሁ ርዝመቷ ስንት ነው?”

“አሥራ አንድ ሜትር።”

“ከገደሉ ያለሽ ርቀት ስምንት ሜትር አይሞላም ብለሻል። አፍንጫዋ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።”

“ግሩም ነው ብሎኛል እኮ።”

“ማን?”

ላታይ ወደ ወንዶቹ ጎጆ በአገጯ አመለከተች። ሲኒፓታ ሳቋ ከኬኩ ጋር ተናንቋት ጀርባዋ ተመታ። “ኪቲዮኔ? ግማሹን ክፍል የሚጥለው ኪቲዮኔ? ለእህቱ ግሩም ነው አለ?” ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ወረቀቱን መለሰችላት። “በዚህ አታልፊም፣ እህቴ። ብዙ ነው የሚቀርሽ።”

በማግስቱ ሲኒፓታ በመርከብ ሄደች። ፉሲፓላ ግን ጠዋት ተነሥተው በጎጆው ደጃፍ ቆመዋል።

“አታለልካት።”

“አክስቴ፣ በደንብ ነግሬያታለሁ። ከባሕሩ በኩልም ትየው ብያለሁ።”

“እሱ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ተሳስታለች ማለት ነው።”

“በየትኛው አገር?”

ኪቲዮኔ ቀስ ብሎ፣ “እህቴን ‘ተሳስተሻል’ ልበላት? ቀዩን ምልክት የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። በአፌም ብልክ ያው ቀይ ነው” አለ።

ፉሲፓላ ሣሩን አቋርጠው ተመለሱና ከላታይ አጠገብ ተቀመጡ።

“ልክ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ነገሩ ልክ መሆኑ ነው ያስቸገረኝ።”

ቅዳሜ ከሰዓት ላታይ የገደሉን ጥያቄ እንደገና ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ምንጣፍ እየሠሩ ይሰሟታል፤ ጮክ ብሎ መናገር ልማድ ሆኖባት ነበር። ከማብሰያው ዳስ በስተጀርባ ኪቲዮኔ ለእሑድ ምሳ ኮኮናት ይፍቃል። ጥርስ ባለው ብረት ላይ ግማሹን ኮኮናት ሲያሽከረክረው ክርሽ፣ ክርሽ፣ ክርሽ ይላል።

“ታንጀንቱ፣ አርባ አራት ለርቀቱ ሲካፈል ነው” አለች ላታይ።

ክርሽ፣ ክርሽ።

“ስለዚህ አርባ አራትን በታንጀንቱ አባዛለሁ።”

መፋቂያው ቆመ።

ላታይ ቀና አለች። በባሕር ላይ ያደገች ናት፤ ሞተር ድምፁን ሲቀይር ሳትሰማው የምታልፍ አይደለችም። ወረቀቷን አየች። የጻፈችውን መስመር ሰረዘችው። እንደ ቦዬው ቅርጫት አንድ አንድ እርምጃ ሄደች።

“አይ” አለች። “ርቀቱ ከሥር ነው ያለው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወገን በርቀቱ አባዛለሁ። ታንጀንቱ ጊዜ ርቀቱ፣ እኩል ነው አርባ አራት።”

ክርሽ።

“አሁን ሁለቱንም ወገን ለታንጀንቱ አካፍላለሁ።”

ክርሽ፣ ክርሽ፣ ክርሽ።

“ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር።”

መፋቂያው እንደ ዝናብ ወረደ።

ላታይ ልታረጋግጥ ፈለገች። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው። ሌላ ጥያቄ አነሣች፤ ሁለት እርምጃ በትክክል ሄደችና ሦስተኛው ላይ ሆን ብላ ከአንዱ ወገን ብቻ ቀነሰች። መፋቂያው ቆመ። አስተካከለችው፤ መፋቂያው ቀጠለ። እንደገና አበላሸችው፤ ቆመ። ከንፈሯን ነክሳ ወደ አክስቷ ዞረች። ፉሲፓላ ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሡም።

“ለነገም ኮኮናት ያስፈልገናል” አሉ። “ለከነገ ወዲያም።”

ማንም ምንም አልተናገረም፤ ማንም ማንንም አላስቀየመም። ወንድም ከዳስ በስተጀርባ ሥራውን ይሠራል፣ እህት ለአክስቷ ታወራለች፤ በዚህ ውስጥ ነውር የሚፈልግ ሰው ይፈልግ። ግቢው በኮኮናት ወተት ተጥለቀለቀ። ዓሣው በኮኮናት ወተት፣ የጎደሬ ቅጠሉ በኮኮናት ወተት፣ ዳቦው በኮኮናት ወተት ሆነ። አባቷ “ይቺ ልጅ ቶሎ ካላለፈች እኔ እንደ በርሜል እንከባለላለሁ” ማለት ጀመሩ። አሳማው ተፍቆ የተጣለውን ሁሉ እየበላ ገመዱን የሚበጥስ ሆነ።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ከሰዓት ላታይ የወንዝ ጥያቄ ያዘች። ኪቲዮኔ በአክስቱ በኩል የላከው ነው፤ ከሁሉም የከበደው። አንዲት ጀልባ ከሚፈሰው ውሃ ጋር ሠላሳ ማይል የምትሄድበት ጊዜ፣ ውሃውን ተቃውማ አሥራ ስምንት ማይል ከምትሄድበት ጊዜ ጋር እኩል ነው። የውሃው ፍጥነት በሰዓት ሁለት ማይል ነው። ውሃው ባይፈስ ኖሮ የጀልባዋ ፍጥነት ስንት ነበር?

“ፍጥነቷ ኤክስ ይሁን” አለች ላታይ። “ከውሃው ጋር ስትሄድ ኤክስ ሲደመር ሁለት። ስትቃወም ኤክስ ሲቀነስ ሁለት። ሠላሳ ለመጀመሪያው ሲካፈል፣ አሥራ ስምንት ለሁለተኛው ሲካፈል፤ ሁለቱ እኩል ናቸው።”

ክርሽ፣ ክርሽ።

“ከሥር ያሉትን አወጣለሁ። ሠላሳ ጊዜ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት፣ እኩል ነው አሥራ ስምንት ጊዜ ኤክስ ሲደመር ሁለት። ቅንፉን ስፈታው ሠላሳ ኤክስ ሲቀነስ ስድሳ፣ እኩል ነው አሥራ ስምንት ኤክስ ሲደመር ሠላሳ ስድስት።”

ክርሽ፣ ክርሽ።

“ከሁለቱም ወገን አሥራ ስምንት ኤክስ እቀንሳለሁ። በሁለቱም ወገን ስድሳ እጨምራለሁ። አሥራ ሁለት ኤክስ፣ እኩል ነው ዘጠና ስድስት።”

መፋቂያው ቆመ።

ላታይ ወደ ኋላ ተመለሰች። ቅንፉን እንደገና ፈታችው፤ ስድሳም ስድሳ፣ ሠላሳ ስድስትም ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስትና ስድሳ ደመረች፤ ዘጠና ስድስት። ጮክ ብላ ደገመችው። ዝምታ። የመደመር ምልክቱን ወደ መቀነስ ልትለውጠው ብዕሯን አነሣች። እጇ ከወረቀቱ በላይ ቆየ።

ብዕሩን አስቀመጠችው።

“እስቲ ወደ ቤቱ ልመልሰው” አለች። “ዘጠና ስድስት ለአሥራ ሁለት፣ ስምንት። ጀልባዋ ስምንት ከሆነች ከውሃው ጋር አሥር ትሄዳለች፤ ሠላሳ ለአሥር፣ ሦስት ሰዓት። ስትቃወም ስድስት ትሄዳለች፤ አሥራ ስምንት ለስድስት፣ ሦስት ሰዓት።” ቀና አለች። “ሦስትና ሦስት። አክስቴ፣ እኔ ልክ ነኝ።”

“ዝም ብሏል እኮ” አሉ ፉሲፓላ በሹክሹክታ።

“ይበል። ስህተት ካለ ከዳሱ በስተጀርባ ነው ያለው እንጂ እዚህ አይደለም።”

ፉሲፓላ ምንጣፉን ጥለው ተነሡና ወደ ዳሱ ሄዱ። ብረቱ የተሰካበት የመፋቂያው በርጩማ ባዶውን ቆሟል። ኪቲዮኔ የለም። ከሙዝ ተክሉ ባሻገር አሳማው ገመዱን እየጎተተ፣ የኮኮናቱን ሳህን በአፉ ነክሶ ይሮጣል፤ የሒሳብ መምህሩ የወገቡን ምንጣፍ በአንድ እጁ ይዞ ይከተለዋል። የጎረቤት ልጆች ለአሳማው ያጨበጭባሉ።

ኪቲዮኔ እያለከለከ፣ ባዶ ሳህን ይዞ ተመለሰ። ፉሲፓላ የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ጭቃውን ከክንዱ ሳይጠርግ ቆየ።

“ሳልኖር ነው የሠራችው?”

“ሳትኖር። አንተንም ተሳስቷል ብላሃለች። እህት ናት፤ መብቷ ነው።”

ኪቲዮኔ ፈገግታው ጆሮውን ሊነካ ደረሰ። “እንግዲህ ለእህቴ ይንገሩልኝ” አለ። “ኮኮናቱ አልቋል።”

ፈታኙ ከዋናው ከተማ በአውሮፕላን መጣ። ኔያፉ ወደብ አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ማራገቢያ ከላይ እየተንቀራፈፈ፣ ላታይ በወንዶች መካከል ተቀመጠች። ከጥያቄዎቹ መካከል ገደል ነበር፤ ከፍታውና ማዕዘኑ ተለውጧል እንጂ ያው ገደል ነው። እርምጃ ሳትዘል ጻፈችው። መልሱን ወደ ቤቱ መለሰችው። ሌሎቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ እሷ ገና ትጽፍ ነበር።

ፈታኙ ወረቀቷን ሲቀበል ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። “ብዙ ጽፈሻል። ይህንን በሁለት መስመር መጨረስ ይቻል ነበር።”

“አውቃለሁ ጌታዬ። ከግድግዳ በስተጀርባ ያለ ሰው ቢሰማው እንዲገባው ብዬ ነው።”

ፈታኙ ወደ ግድግዳው ዞሮ አየ። ምንም አልነበረም።

ውጤቱ የመጣ ቀን ፉሲፓላ በሴሚሲ ቤት በኩል አለፉ። የአባት እህት ያማራትን ነገር ከዘመድ ቤት ስትወስድ አይ የሚል የለም፤ ብርቱካናማው ቀለም አማራቸው። ቆርቆሮውን አንጠልጥለው መጥተው የአሳማውን አጥር ቀቡበት።

ጀልባዋ ነጭ ሆና ወደ ውሃ ገባች። የመጀመሪያው ጉዞ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ወደ ጎረቤት ደሴት ማድረስ ነበር። ላታይ መሪውን ይዛ ፊት ቆመች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነፋሱን ያሸታሉ። ኪቲዮኔ ለምሳ የሚሆን ኮኮናትና መፋቂያውን ይዞ መጨረሻ ላይ፣ ከእህቱ በሚገባው ርቀት ተቀመጠ። ፉሲፓላ በመካከል ሆኑ። መዘምራኑ ገና ከወደቡ ሳይወጡ መዝሙር ጀመሩ።

ገደሉ አጠገብ ሲደርሱ ላታይ የአባቷን የማዕዘን መለኪያ አንሥታ ጫፉን አየች። በልማድ ጮክ ብላ አወጣችው፤ “ታንጀንቱ ጊዜ ርቀቱ እኩል ነው ከፍታው። ሁለቱንም ወገን ለታንጀንቱ አካፍላለሁ። ሦስት መቶ ሜትር አለን።”

ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም።

ፉሲፓላ ተጠጓት። “ላታይ፣ መፋቂያው ዝም አለ። እንደገና አትሠሪውም?”

ላታይ ወደ ኋላ ዞር ብላ አላየችም፤ ወንድም ባልተመቸው ጊዜ አይታይም።

“አይ አክስቴ” አለች መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ እያዞረች። “ሒሳቡ ልክ ነው። ባሕሩ ራሱን አዙሮት ነው። አንድ ባልዲ ያቀብሉትና፣ እህትህ ግሩም ነው ትላለች ይበሉት።”